ሦስተኛ ፈረቃ

ኮቶኒ ከቆመ ዓመታት አለፉ፤
ማሽኖቹ በኪሎ ተመዝነው ጠፉ፤
በሩ ላይ ዘበኛው ወንበሩን ዘርግቶ
ይጠብቃል ባዶ፣ ቁልፉን ኪሱ ከቶ።
የእኔ ግራ ጆሮ ግን
አልሰማም መዘጋቱን።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሽመና ክፍል ቆሜ፣
ጥጥ በሳንባ ስቤ፣ ድምፅ በጆሮ ቅሜ፣
ያተረፍኩት ነገር፦ አንድ ልጅ፣ አንድ ቤት፣
እና ይሄ ጩኸት።

የሚብሰው ሌሊት። አስፋልቱ ሲቀዘቅዝ፣
የባጃጅ ጥሩምባ ከአሸዋ ሲደበዝዝ፣
ጎረቤት ሲተኛ በግቢው ፍራሽ አንጥፎ፣
መወርወሪያው ይነሳል ጭንቅላቴን አልፎ፣
ወዲያና ወዲህ፣ ወዲያና ወዲህ፣
ማንም ለማይለብሰው አቡጄዲ።
ደመወዝ የለው፣ አለቃ የለው፣ ደወል የለው፤
ሦስተኛ ፈረቃ ማለት ይኸው ነው።

ድል ጮራ ሄጄ ነበር። ሐኪሟ ለጋ ናት፣
«ልጄ» ባልኳት ቁጥር የምትደነግጥ ዓይነት።
በባትሪ አየችኝ። «እማማ፣» አለችኝ፣
«መድኃኒት የለውም።» ወረቀት ሰጠችኝ።
«ጭንቀት ይቀንሱ» ይላል ወረቀቱ።
እሺ፤ ከዘይቱ ልቀንስ? ወይስ ከዱቄቱ?
ጅቡቲ ካለው ልጅ፣ ስልክ ከማያነሳው?
ሳቅሁ። ሳቄ ራሱ ጆሮዬን ቀሰቀሰው።

በዚያው ሰሞን ራምዚ፣ ከአጥሩ ባሻገር፣
አኮርዲዮን አወጣ ከአያቱ አልጋ ሥር።
ከዚራ የነበረ አንድ ግሪክ ሲሄድ
ለልብስ አጠባ ዕዳ የተወው በግድ።
ሦስት ጥርስ የጎደለው፣ ሳንባው የተቀደደ፣
በባጃጅ ከመነዳሪ ትንፋሹ የታገደ።

መጫወት አይችልም፤ ከአንዲት ዜማ ሌላ
አያውቅም። ይወጣል፣ ሲጠብቅ፣ ሲላላ፣
አራት ደረጃ። አምስተኛው ላይ ይስታል። ጸጥታ።
ከዚያ እንደገና ከታች፣ ያለ አንዳች ቅሬታ።

የመጀመሪያው ማታ ጫማ አነሳሁ ልወረውር፤
እጄ ላይ ቀረ። ጆሮዬ ጀመረ ሊቆጥር፦
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት… ይስት ይሆን አሁንም?
ሳተ።
ትከሻዬ ወረደ። ለካ ተሰቅሎ ነበር ዘላለም።

የአኮርዲዮኑ ሆድ ሲከፈት የእኔም ደረት ይከፈታል፣
ሲዘጋ ይዘጋል። ሰው እንዲህም ይተነፍሳል?
ማሽኑ ቆመ አልልም፤ ውሸት ምን ያደርጋል?
አለ። ግን ከራምዚ ጀርባ ሄዶ ይቀመጣል፣
እንደ ሰርግ ቤት እንግዳ፣ ወንበር እንዳጣ፣
ከበሩ አጠገብ፣ ቀስ ብሎ፣ ሳይቆጣ።

እናቱ ሙሐባ መጣች ሙሸበክ በሳህን ይዛ፣
«ልጁ እንቅልፍ ነሳሽ» ልትል፣ ተክዛ።
«ተይው» አልኳት፤ «ተይው፣ ማታ ማታ ይምታ፤
አደራ፣ አምስተኛዋን እንዳያርማት በጌታ!»
አየችኝ ዝም ብላ።
ሳህኑን አኑራ ሄደች፣ እኔም ሙሸበኬን በላሁ፣ ሌላ ምን ልበላ።

ትናንት፣ መብራት ጠፍቶ፣ በጨረቃ፣
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣
አምስት። በቃ።
ዜማው ሄደ፣ ሄደ፣ ሳይሰናከል፣
ከአጥሩ በላይ፣ ከኒሙ በላይ፣ እስከ ደቻቱ መሐል።
ሙሐባ እልል አለች። አጨበጨብኩ እኔም፤
እንቅልፍ ግን አልመጣም።
ጠበቅኩት። እሱ ቀርቶ ተመለሰ ማሽኑ፣
ከነመወርወሪያው፣ ከነዘመድ ወገኑ።

በዚያ ሁሉ ጩኸት፣ ሠላሳ አንድ ዓመት፣
አንጎራጉሬ አላውቅም፤ ማን ሊሰማ? በየት?
ትናንት ግን ተኝቼ፣ ከንፈሬን ገጥሜ፣
አራት ደረጃ ወጣሁ፣ ቀስ ብዬ፣ ደክሜ፣
አምስተኛው ላይ ሳትኩ።
አውቄ ነው።

ከአጥሩ ማዶ፣ ከፍራሹ ላይ፣ አኮርዲዮኑ ተነፈሰ፤
አምስተኛዋን ብቻ ነካ፤ አረመኝ፤ መለሰ።
ደግሜ ሳትኩ።
ደግሞ አረመኝ።
እንዲህ እያልን፣ እንዲህ እያልን…
የትኛው ላይ እንደተኛሁ
ራምዚን ጠይቁት።